መላጣዬ ላይ የተሳለው ሂና

የባሌ ታላቅ እህት ፊት ለፊት አንቱ ትባላለች። እዚህ ግን አንቱ አልላትም፤ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ጡቴ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር መሆኑ ከተነገረኝ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ከነገሌ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ኬሞ እወስድ ነበር። ነርሷ ቀዩን መድኃኒት በክንዴ እየሰጠችኝ «ሽንትሽ ቢቀላ እንዳትደነግጪ» አለችኝ። ሽንቴስ ቀላ፤ እሱ ምንም አይደል። አፌ ውስጡ ተልጦ ውኃ እንኳ ያቃጥለኝ ጀመር። ጥፍሮቼ በር የተዘጋባቸው ይመስል ጠቆሩ። ፀጉሬ ትራስ ላይ ቀረ፤ ቅንድቤም ተከተለው። የታጠነ ወተት ከሸተተኝ ደግሞ ያስመልሰኛል። የባሌ እህት ታዲያ «ያበረታሻል» እያለች ሁልጊዜ ይዛልኝ የምትመጣው የታጠነ የግመል ወተት ነበር። መጀመሪያ ደግነት መስሎኝ አመሰግናት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመድኃኒቱ በተመለስኩ ማግስት፣ ባልዲ አጠገቤ አድርጌ ተኝቻለሁ። የእኔን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ሹክሹክታ እንኳ ያልፋል።

«እሷ እንግዲህ የአላህ ናት» አለችው ወንድሟን። «አንተ ግን ቤትህ አይቀዝቅዝ። ፊልቱ ከተማ አንዲት ልጅ አይቼልህ እናቷን አነጋግሬያታለሁ። ሚስቱ ብዙም አትቆይም ብያታለሁ።»

ባሌ ሲቆጣት ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ።

«እስቲ መጀመሪያ ይኼ ነገር ይለይለት» አላት።

ይኼ ነገር የተባልኩት እኔ ነኝ። የባሌን የጨርቅ ሱቅ ከባዶ መደርደሪያ አንስቼ አብሬው ያቆምኩት እኔ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኔ ቂሜን ይዤ ሰገድኩ፤ ቂሜን ይዤ ገንፎ ዋጥኩ። ሲያስመልሰኝ አፌን ተጉመጥሙጬ እንደገና በላሁ። ሐኪሙ የደም ምርመራዬን እያየ «ጎበዝ፣ በርትተሻል» ሲለኝ ያበረታኝን አልነገርኩትም። ለልጆቻቸው ሲሉ ሞትን የሚታገሉ አሉ፤ እኔ የታገልኩት በእሷ እልህ ነው።

በዚያው ሰሞን እሷ ልጇን ልትድር ሆነ። «አንቺ እንኳ አትድከሚ፤ ሙሽራም የበሽተኛ ፊት ባታይ ይሻላል» ብላ ላከችብኝ። በሂናው ቀን አረንጓዴ ድሪያ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን አጥብቄ ሄድኩ።

ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ወንድ አይገባበትም፤ ሁሉም ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ለቀውታል። ጥግ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጎኗ አንዲት ቆንጆ ልጃገረድ አለች።

«አካም?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ናጋ። ከየት መጣችሁ?»

«ከፊልቱ። የሙሽራዋ አጎት ለጋብቻ ልጄን ሊጠይቅ ነው፤ በዚያውም ቤቱን እንይ ብለን ነው። ሚስቱ አልጋ ላይ ናት አሉ። መስኪን! አላህ ያቅልልላት።»

«አሚን» አልኩና ሻሼን ፈታሁት። «ያቺ መስኪን እኔ ነኝ።»

መላጣዬን፣ ቅንድብ የሌለውን ፊቴን ሁሉም በደንብ እስኪያየው ጠበቅሁ። ከዚያ ጮክ ብዬ ተጣራሁ።

«እትዬ! ሂናውን ይዘው ይምጡና እዚህ ራሴ ላይ ይሳሉልኝ። ለእርስዎ ብዬ ሰፊ ቦታ አስለቅቄያለሁ።»

እንቢ እንዳትል የልጇ ሠርግ ነው፤ ሴቱ ሁሉ ያያታል። መጥታ ከኋላዬ ቆመች። አንድ ጠማማ አበባ ሳለች። «ቅጠልም ይጨምሩበት እንጂ፣ እትዬ» አልኳት። አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የፊልቱዋ ሴት አልሳቀችም።

«ባልሽ ይህን ሁሉ ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል። እስክሞት እየጠበቀኝ ነው።»

ሴትየዋ ተነሳች፤ ልጇንም በእጇ ይዛ አስነሳቻት። ለባሌ እህት እንዲህ አለቻት፦ «የእኔም ልጅ ሰው ናት፤ ነገ ትታመም ይሆናል። የታመመች ሚስቱን ሞት ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ወንድ ልጄን አልሰጥም።»

ባሌ የሆነውን ሲሰማ «ለምን በሰው ፊት አዋረድሽኝ?» አለኝ። ቀጥዬ ፍቺ የምጠይቅ መስሎት ነበር። አልጠየቅሁም። ፍቺማ ለእሱ ግልግል ነው። ወሬው ከፊልቱ አልፎ ያቤሎ ደረሰ፤ እህቱ ሽማግሌ የላከችበት ቤት ሁሉ «ሚስቱስ?» እያለ መለሳቸው። ኬሞውን ጨረስኩ፣ ፀጉሬም በቀለ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ገበታ እንቀርባለን። ልጁን የሚሰጠው አላገኘም፤ እኔም አልሞትኩለትም።