ዳንቴሉና የአሳው መብራት

እኛ ክሊኒክ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው። ለሌሎቻችን «እምቢ» ናት። ፊት ለፊቷም እንደዚያ ብለን እንጠራታለን፤ አትቆጣም። «ስሜን ሠርቼ ነው ያገኘሁት» ትላለች። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። መስኮቴ በቀጥታ ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ስለሚያይ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ማንም መጥቶ «እንዲህ አልነበረም» ቢለኝ አልሰማውም።

የሕፃናት ክሊኒክ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሰው ቁመት የሚያህል ርዝመት ያለው የአሳ ገንዳ አለ። መስታወቱ ሁልጊዜ የልጅ አፍንጫና የልጅ ጣት እንደታተመበት ነው። መርፌ ፈርቶ ጣራ የሚነካ ጩኸት የሚጮህ ልጅ እዚያ ሲያቆሙት ጸጥ ይላል። እምቢ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ገንዳውን ታጥባለች፣ ውሃውን ትቀይራለች፣ አሳዎቹን ትመግባለች፤ ከሁሉ በላይ ግን መብራቱን ትጠብቃለች።

ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ከባሏ ጋር በሱቃቸው ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እያወጣች አዲስ ስትጠመጥም የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ሱቁን ወንድሞቹ ወሰዱት። እሷ ካቻቢቴዋንና ፒንሳዋን በቦርሳ ይዛ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን አስከትላ ወጣች። «ዕቃዎቹንስ ተዪልን» ቢሏት እምቢ አለች፤ ስሙም የወጣላት ያኔ ነው ይባላል። ሙቀት የነካው ሽቦ ከሦስት ክፍል ማዶ ይሸታታል። እኛ የጎረቤት ወጥ ማረሩን እንደምናውቀው እሷ ሶኬት ማረሩን ታውቃለች። ልጆቿን ያሳደገችውም በዚሁ አፍንጫዋ ነው። ሌላ ሁለት ቦታ ብትሠራም የእሷ ኑሮ የቆመው በእኛ ክሊኒክ ላይ ነበር፤ ይሄን ልብ አድርጉልኝ።

አሁን ወደ ዶክተሩ ልምጣ። የክሊኒኩ ባለቤት ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ንዴቴ ገና ስላልበረደ አንቱታው ይቅርብኝ። መጥፎ ሰው አይደለም። እናቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ነው።

እናቱን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤት ብቻቸውን እንዳይውሉ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ይዟቸው ይመጣና ከገንዳው አጠገብ ባለው ወንበር ያስቀምጣቸዋል። ዓይን ሳላቸው እጃቸው ዳንቴል ሳይሠራ አይውልም ነበር። ስልኩ ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ዝም ቢሏቸው ሕፃናት የሚመዘኑበትንም ሚዛን ያለብሱት ነበር። እናላችሁ ዶክተሩ አዳራሹን ሲያሳድስ ሁለት ነገር አደረገ። የገንዳውን መብራት አውጥቶ «ልጆቹ በደንብ ይዩ» ብሎ በሁለት ትንንሽ ፓውዛ ቀየረው። ቀጥሎ እናቱ ዓይናቸው ሊጠፋ ሲል የሠሩትን የመጨረሻውን ትልቅ ዳንቴል ከቤት አምጥቶ በመብራቱ ክዳን ላይ ዘረጋው። ያምራል፤ ልዋሽ አልችልም።

እምቢ ገብታ ስታየው ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ዶክተር፣ ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለጌጥ መሰልዎት? መብራቱ የሚተነፍስባቸው ናቸው። አፍነውታል እኮ!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! አንድ ዳንቴል ምን ያደርጋል? ክር ነው።»

«ክር ስለሆነ ነው የምነግርዎት።»

ሳቀ። እሷ ዳንቴሉን አጥፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በሚቀጥለው ቀኗ ስትመጣ ተመልሶ ክዳኑ ላይ ነው። እንደገና አነሣች። እንደገና ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሲጓተቱ ከረሙ። ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴን አታስከፊብኝ፤ የቀራት ይሄ ብቻ ነው» ይላታል። እሷ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «እጅዎን ክዳኑ ላይ ያድርጉና እስከ አሥር ይቁጠሩ! አሥር ከደረሱ እኔ ራሴ አለብሰዋለሁ» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ በሽተኛው ይገባል። እማማ እዚያው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስለን ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ምንም። እኔንም አስተምራኛለች። የመብራቱ ገመድ መጀመሪያ ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ ከዚያ ሽቅብ መመለስ እንዳለበት አሳይታኛለች፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ከመብራቱ በታች ያለው መስታወት ነጭ ቅርፊት ሲይዝ ሙቀቱን እንደሚያፍነውም ነግራኛለች። ሁሉንም አውቅ ነበር። ግን ምን ቆርጦኝ ከዶክተር ጋር ልጣላ? አንገቴን ደፍቼ ካርዴን አወጣ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ቀን፣ አዳራሹ በእናቶችና በሕፃናት ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ነው። እምቢ ከበሩ ገባች፣ ቆመች፣ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። አሳዎቹ ላይ ላዩን ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። የውሃውን ቴርሞሜትር አየች፤ ሙቀቱ ከልክ አልፏል። ዳንቴሉን ስትገልጠው መሃሉ ፍም የነካው መስሎ ቡናማ ሆኗል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል ደረታቸው የታፈነ ሕፃናት ኦክስጅን የሚያገኙበት ነው፤ እሳት ቢነሣ የሚያስቆመው የለም።

ስፒናውን ነቀለች፣ ፒንሳዋን አወጣች፣ ገመዱን ከስፒናው ሥር ቀጭ! ከዚያ ወደ መስኮቴ መጥታ ስፒናውን እጄ ላይ አስቀመጠች። «አሁን ማን እንደሚሰካው አያለሁ» አለች። አሳ ያለ መብራት ብዙ ቀን ይቆያል፤ ጨለማ አይገድለውም።

ዶክተሩ ወጣ። ገመዱን አየ፤ ፊቱ ደም መሰለ።

«ንብረት አጥፊ!» አላት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ስለቻልኩሽ ናቅሽኝ አይደል? ገመዱን ትቀጥያለሽ፣ ዳንቴሉን ቦታው ትመልሻለሽ፣ እናቴንም ይቅርታ ትጠይቂያለሽ! አለበለዚያ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ።»

እምቢ ሁለት ልጆቿን ታስባለች ብዬ ጠበቅኩ። እሺ በይ፣ እሺ በይ እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

«አልቀጥልም» አለች። «ያባሩኝ። ግን ሲያባርሩኝ ለእነዚህ እናቶች ለምን እንዳባረሩኝ ይንገሯቸው።»

ያኔ ነው እማማ የተናገሩት።

«ዳንቴሌን ስጪኝ።»

እምቢ ወስዳ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እማማ ከጫፉ ጀመሩ፤ ጣቶቻቸው እያንዳንዱን አበባ እየቆጠሩ ወደ መሃል ሄዱ። መሃል ሲደርሱ ክሩ በጣታቸው ሥር ተፈረካከሰ። አነሡት፣ አሸተቱት።

«ተቃጥሏል» አሉ። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ አዞሩ። «አንተ ዓይን አለህ። ይሄን እያየህ ነው መልሰህ መልሰህ ያለበስከው?»

«እማዬ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ...»

«መቼ ጠየቅከኝ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ቆማችሁ ስለ እኔ ስትጨቃጨቁ ሰማሁ። አንዱ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ያጣሁት ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም! እጄን ይዞ ያንን ክዳን ያስነካኝ ሰው ቢኖር በመጀመሪያው ቀን እኔው ራሴ አነሣው ነበር። ጨርቄ ከሰው ልጅ ይበልጥብኛል ብለህ ነው?»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ። እምቢ ፈገግ ልትል ስትል ደግሞ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ? ለሁሉም ስትጮሂ አንድ ቀን እማማ ብለሽ አናግረሽኛል? ወይስ እኔም እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሼ የተቀመጥኩ ዕቃ መሰልኩሽ?»

እምቢ ፒንሳዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«አጠፋሁ እማማ። መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ» አለች። ነገሩ መስኮቴ ውስጥ ያለሁትን እኔንም ነካኝ፤ እኔም እኮ ለሦስት ዓመት «እንደምን አደሩ» ብቻ እያልኩ ነው ያለፍኳቸው።

ዶክተሩ ቀዳዳ ያገኘ መስሎት፣ «በቃ፣ ይቅርታ ከጠየቀች...» ሲል እምቢ ቀና አለች።

«ይሄ ይቅርታ ለእማማ ነው፤ ለእርስዎ አይደለም። ለቆረጥኩት ገመድ ይቅርታ የለኝም። ፓውዛው ወጥቶ የማይግል መብራት ይግባ፣ ክዳኑ ላይ ወረቀት እንኳ አይቀመጥ። ያኔ እኔው በእጄ እቀጥለዋለሁ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰማህ?» አሉት። «እንግዲህ ሰው ፊት ያልከውን ሰው ፊት አንሣ።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ጫማው እያየ፣ «ንብረት አላጠፋችም፤ ትክክል ነበረች፤ ነገም ሥራዋ ላይ ናት» አለ፤ ለራሱ የሚያንሾካሹክ ነው የሚመስለው።

«ጮክ በል» አሉ እማማ፣ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሲለው እኔም በመስኮቱ በኩል ጥርት አድርጌ ሰማሁት።