መዲና ያላየችው በርሜል

መዲና ሀምዱ ጃፓን ደርሳ ስትመለስ የሆጤ ሰፈር ሴት ሁሉ ቤቷ ተሰበሰበ። ስለ ፎቁ፣ ስለ ፈጣኑ ባቡር፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ልንሰማ ቋምጠን ነበር። እሷ ግን ያወራችልን ስለ ባቄላ ነው። «ባቄላ የሚመስል ነገር አላቸው። ቀቅለው፣ ከሻገተ ሩዝና ከጨው ጋር ለውሰው ሁለት ዓመት ያስቀምጡታል፤ ወላሂ ይጣፍጣል!» አለች። ለሻገተ ነገር ነው ያን ያህል አገር ያቋረጠችው? ተናድጄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ዋናውን ነገር ያጫወተችኝ ከወራት በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው።

ከመዲና ጋር የተዋወቅነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ በነበረ መጠለያ አንድ ድስት ፋፋ ስናማስል ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ከኩታበር ደሴ መጥታ ድልህ እያዘጋጀች በመሸጥ ነበር የምትኖረው። ሚቺኮ የምትባል ጃፓናዊት ነርስ ደግሞ እዚያው መጠለያ ትሠራ ነበር። አማርኛ የተማረችው ከመዲና ስለሆነ ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው ቃል «አብሽር» ነው። ልጅ ሲያለቅስም፣ መኪና ሲበላሽም፣ ካድሬ ሲቆጣም «አብሽር» ትላለች። እንወዳት ነበር።

በዓመቱ አባቷ ወደ አገሯ ጠሯትና ሄደች። እናቷ ሞታለች፤ እህት ወንድም የላትም። አባትየው ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን የባቄላ ሥራ የሚረከባቸው ፈልገዋል። ሚቺኮ ደግሞ ልቧ ያለው ወሎ ነው። መጠለያውን የሚያካሂደው የረድኤት ድርጅት ከሠራተኞቹ አንድ ሰው ለጃፓን ጉብኝት ሲጋብዝ መዲናን አስመረጠቻት። «አባቴ አንቺን ካዩ ይራራሉ። ወሎ እንድመለስ እንዲፈቅዱልኝ መጥተሽ ለምኚልኝ» ብላ ላከችባት። ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ እስኪጽፍላት ድረስ የወጣነውና የወረድነው አይነሳ! ዋሷም እኔው ነበርኩ። እዚያው ብትቀር የሚለቅሙት እኔን ነው።

የእነ ሚቺኮ ከተማ ከደሴ ታንሳለች። በመሃሏ ወንዝ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር የእንጨት ቤት ነው። «ከባቡር ስትወርጂ ሽታው ይቀበልሻል» አለችኝ። ለሌላው እንግዳ ሳይከብደው አይቀርም፤ ለድልህ ሠሪዋ ግን የራሷ ጓዳ መሰላት። ቋንቋ በማታውቅበት አገር መጀመሪያ ደስ ያላት እዚያ ነው።

የሚቺኮ አባት ቁጥብ፣ ከሳ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ሰፊ መጋዘን ወሰዷት። ሰው ቢገባባቸው የሚውጡ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ክዳናቸው ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ሽማግሌው ከሁሉ ያረጀውን መርጠው ድንጋዩን አንድ በአንድ አወረዱ። ክዳኑን ገለጥ አድርገው «ተመልከቺ» በሚል አኳኋን እጃቸውን ዘረጉላት። የሕይወታቸውን ሙሉ ልፋት ነው ያሳዩዋት።

መዲና ፊቷን አዞረች። ሻሿንም ጎትታ ዓይኗን ሸፈነች።

እኛ ዘንድ ይህ ጨዋነት ነው። የሰው ድልህ፣ የሰው ሊጥ ሲብላላ ገብቶ የሚያፈጥ ሰው ስሙ አያምርም። ደህና ሰው ወይ ይከድነዋል ወይ ዞር ይላል። ሽማግሌው ይህን ከየት ይወቁት? ሸቷት የተጸየፈች መሰላቸው። ክዳኑን መልሰው፣ ለልጃቸው አጭር ነገር ተናግረው ወጡ።

«ምን አሉ?» አለች መዲና።

ሚቺኮ ፊቷ ቀልቷል። «‹እንጀራችንን ለሚጸየፉ ሰዎች ብለሽ ነው ቤትሽን የምትዘጊው?› አሉኝ።»

መዲና የዚያን ዕለት እህል አልወረደላትም። ልትለምን መጥታ ይባስ ማበላሸቷ አንገበገባት። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ሻይ ሲጠጡ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሚቺኮ አስተረጎመች።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ። ተጸይፌ አይደለም። በእኛ አገር የተራበ ዓይን የሰው እህል ላይ ሲያርፍ በረካውን ይወስደዋል ይባላል። እኔ ዓምና ሕፃናት እጄ ላይ ሲሞቱ ያየሁ ነኝ። ያን ሁሉ በርሜል ሳይ አማረኝ፤ ወላሂ አማረኝ! ለራሴ አይደለም፣ ለነሱ ነው። በዚህ ዓይኔ የእርስዎን በረካ ማየት ፈራሁ።»

ሽማግሌው የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሚቺኮ እንኳ ሰምታው የማታውቀውን ነገር አወጡ። በዓለም ጦርነቱ ማብቂያ ከተማው ሁሉ ተርቦ፣ ጎረቤት ከነልጆቹ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ በርሜሎቹን ያይ ነበር። እሳቸው ያኔ ጎልማሳ ናቸው።

«እኔ በሩን ዘጋሁባቸው» አሉ። «ይቺ ሴት የራሷን ዓይን ዘጋች።»

ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና «ሂጂ» አሏት።

ሚቺኮ አባቷ እግር ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ሽማግሌው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ብቻቸውን ወደ መጋዘኑ ሄዱ። መዲና በመስኮት አየቻቸው፤ ትናንት ያወረዱትን ድንጋይ አንድ በአንድ እያነሱ ክዳኑ ላይ ይመልሳሉ፤ በየመሃሉም ቆመው ወገባቸውን ይይዛሉ።

ሚቺኮ በግንቦት ወሎ ተመለሰች፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ እልል አልንላት። መዲና ብቻ አላለችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ነው ይህን ሁሉ የነገረችኝ።

«አረጋሽ፣ በረካቸውን እንዳልወስድ ዓይኔን ሸፈንኩ» አለችኝ። «አንድ ልጃቸውን ግን ወሰድኩባቸው።»