ከጣሪያ ላይ መውረድ ስከለከል

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የአንድ ጨርቅ ነጋዴን መጋዘን ጣሪያ እቀይር ነበር። የሚከፈለኝ በመታሁት ቆርቆሮ ልክ ነው። ክረምት ሲገባ ሥራው ይበዛል፤ ዝናብ የጣለ ቀን ግን ባዶ እጄን እገባለሁ። ያን ቀን ደመናው ሲጠቁር ልወርድ ብል፣ ነጋዴው መሰላሉን አንሥተውታል።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ይመልሱልኝ፤ ቆርቆሮው ሲረጥብ ያዳልጣል» አልኳቸው።

«ጨርቄ ሊበሰብስ ነው። ሳትጨርስ ብትወርድ የሠራኸውንም አልከፍልህም» አሉኝ ከታች ሆነው።

የቤት ኪራይ ደርሶብኛል። በደረቴ ተኝቼ፣ በዝናብ እየተደበደብኩ ሚስማር መታሁ።

ስጨርስ መሰላሉን አቁመው ሒሳቤን ሳያጓድሉ ሰጡኝ። «ነገ ደግሞ የወንድሜን ሱቅ ትሠራለህ» አሉ።

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። ግን ክረምቱ ገና አላለቀም፤ ሌላ ሥራ ማግኘቴንም አላውቅም።

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው፣ ብሩን ኪሴ እየከተትኩ።