ስማችንን ጠርዙ ላይ ሸመንነው

ባለቤቴ ይሸምናል፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። የምንሠራው ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል የኔ ነው፤ የስፌት መኪናዬና ረጅሙ ጠረጴዛ እዚያ አሉ። የኋለኛው የእሱ የሽመና ክፍል ነው።

የኛ ልብስ ከመስቀያ ላይ ወርዶ የሚሸጥ አይደለም። አንዲት ሴት ትመጣለች፣ ልኳ ይወሰዳል፣ ክሩ ለእሷ ይመረጣል፣ ጨርቁ ለእሷ ይሸመናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰፋው። አንድ ቀሚስ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይወስዳል። ይህን ሥራ ሶዶ ላይ እንጀምራለን ስንል ያልሳቀብን ሰው ጥቂት ነው።

ቀድሞ አዲስ አበባ፣ ቬሎ በሚሠራ አንድ ቤት አራት ዓመት ሰፍቻለሁ። ዶቃ ደርድሬያለሁ፣ ገበር ገጥሜያለሁ። ሙሽሮቹ ግን እኔን አያውቁኝም ነበር፤ ከአንገቱ ሥር የሚለጠፈው የቤቱ ባለቤት ስም ብቻ ነው። አንድ ቀን ጨርቅ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ ላይ ጮህኩበት።

"ጠርዙ ተንሻፏል! ይሄን እንዴት አድርጌ ልስፋው?"

ቀና ብሎ አየኝ። የአገሩ ልጅ መሆኔን ከአነጋገሬ አውቋል መሰለኝ፣ በወላይትኛ መለሰልኝ። "የኔ ጠርዝ ደህና ነው። አንቺ መቀስሽን አስተካክዪ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ጨርቁን በማስመሪያ ስለካው ልክ ነበር። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው ተመለስኩ፣ በዓመቱ ተጋባን።

አባቴ ተበላ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው "ሸማኔ ልታገቢ?" አሉኝ። በኛ አገር ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ የኖረ ነገር ነው።

"አባባ፣ ትከሻዎ ላይ ያለውን ጋቢ ማን ሠራው?" አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ከብቶቹን ሊያዩ ወጡ። ሠርጋችን ላይ ግን መጡ፤ ጋቢያቸውን ትተው፣ በኮት።

ሶዶ ተመልሰን በሁለተኛው ዓመት አንዲት ሙሽራ በራችንን አንኳኳች። አረካ ላይ የምታስተምር ልጅ ናት። ከኋላዋ እናቷ ገቡ፤ ሶዶ ገበያ ላይ የታወቁ ነጋዴ ናቸው።

"ቬሎ መከራየት አልፈልግም" አለች ልጅቷ። "የአገሬን ሸማ ነው የምፈልገው። ግን ማንም ለብሶት የማያውቅ ይሁን።"

እናትየው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። "እሺ፣ ሥሩላት። ሰው ሲጠይቅ ግን ከአዲስ አበባ መጣ ነው የምንለው። ልጇን ሸማኔ ቤት አልብሳ ዳረቻት እንዳይሉኝ።"

አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ቀደመኝ። "እትዬ፣ መጀመሪያ ልኳን እንውሰድ" አለ።

ሥራው ተጀመረ። ባለቤቴ ነጩን ጨርቅ፣ ከሥሩ ያስገቡት እጅ እስኪታይ ድረስ አሳሳው። ዱንጉዛ የምንለው የአገራችን ጥለት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ከታች ደምቆ ይነሳና ወደ ወገብ ሲወጣ እየቀጠነ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ቀሚሱን መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ አለበስኳት፤ ሦስቴም ፈታሁት። ሸማው አንድ ነው፤ ከተሳሳትኩ ሌላ የለም።

የተጣላነው በአቆራረጡ ነው። ጨርቁን በሰያፍ እንደምቆርጠው ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ።

"በሰያፍ? ስድስት ሳምንት ሙሉ ቀጥ አድርጌ የሸመንኩትን?"

"ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ እንደ ጆንያ ይቆማል። በሰያፍ ሲሆን ከሰውነቷ ጋር ይሄዳል።"

"ይተረተርብሻል።"

"ከመቁረጤ በፊት መስመሩን በእጄ እሰፋዋለሁ።"

"ቢበላሽስ?"

"ከተበላሸ ያበላሸሁት እኔ ነኝ!"

ሁለት ቀን "ምሳ ቀርቧል" ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን መቀሱን አነሳሁ። እሱ ወደ ጓሮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስንዝር ስቆርጥ ትንፋሼን ይዤ ነው። በአራተኛው ቀን ገጣጥሜ ከእንጨት በተሠራው የሴት ቅርጽ ላይ አለበስኩት። ባለቤቴ ገባ፤ አንዴ ዞረው፣ ሁለቴ ዞረው። ጨርቁ ከወገቡ ላይ እንደ ውሃ ወርዶ ነበር። አንተ ልክ አልነበርክም አላልኩትም፤ እሱም አንቺ ልክ ነሽ አላለኝም።

"የታችኛውን ጠርዝ ለኔ ተይው" ብቻ አለኝ።

በሳምንቱ አንድ ስንዝር የሚሰፋ ጥለት ሸምኖ አመጣ። ውስጡ የእሱና የኔ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች አሉ፣ ቀጥሎ "ወላይታ ሶዶ" ይላል። ቀይ በነጭ ላይ። ከክሩ ጋር የተሸመነ ስለሆነ እንደ ተለጣፊ ጨርቅ ተተርትሮ አይነሳም። ሳልናገር ገጠምኩት።

ለመጨረሻው ልክ ሲመጡ ሙሽራዋ መስታወቱ ፊት ቆመች። ከዚያ አንዴ ዞረች፤ ቀሚሱም አብሯት ዞረ። እናትየው ጠርዙን ሊነኩ ጎንበስ ሲሉ ፊደሎቹን አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስማችን ነው፣ እትዬ" አለ ባለቤቴ።

"ቁረጡት።"

"ከተቆረጠ ቀሚሱ ስንዝር ያጥራል።"

"ይጠር!"

መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። "እኔ አልቆርጠውም። ከፈለጉ እርስዎ ይቁረጡት።"

ከዚያ ልጅቷ ከመስታወቱ ዞር ብላ "እማ፣ ከተቆረጠ አልለብሰውም" አለች። "ቬሎም አልለብስም። የማስተምርበትን ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ጠመኔው ሳይራገፍ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው።"

እንደማታሾፍ ሁላችንም ገባን። እናትየው መቀሱን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ፣ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ሠርጉ ላይ የጠራችን ሙሽራዋ ናት። ባለቤቴ አንሂድ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከሰፋሁት ሁሉ የሚያምረውን ለብሼ ጎትቼ ወሰድኩት። አዳራሹ ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀመጥን። ሙሽራዋ ስትገባ እልልታው ጋብ አለና አንገቶች ተዘረጉ።

"ከየት አመጡት?" አለች አጠገቤ ያለችው።

"ከአዲስ አበባ ነው አሉ" አለቻት ሌላዋ።

እናትየው ከኋላችን እንግዳ እያስቀመጡ ነበር። መስማታቸውን አውቃለሁ። ዝም ብል ማንም አይቀየመኝም ነበር።

"ከአዲስ አበባ አይደለም" አልኩ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ። "እሱ ሸመነው፣ እኔ ሰፋሁት። እዚሁ፣ ከመናኸሪያው በላይ። ካላመናችሁ ጠርዙ ላይ አንብቡት።"

አንዲት ሴት እውነትም ተነስታ ሄዳ ጎንበስ አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች ተከተሏት። ሙሽራዋ ቆማ ጠርዙን ትንሽ ከፍ አድርጋ አስነበበቻቸው። "ለካ ከሸማኔ ቤት ነው" ብሎ የሳቀም ሰው ሰምቻለሁ። ባለቤቴም ሰምቶታል፤ ቀና ብሎ ምግቡን መብላቱን ቀጠለ።

ዋጋውን ከፍለንበታል። ከእናትየው ጓደኞች ሁለቱ ቀድመው ያዘዙትን ልብስ ሰረዙ። በዚያ ክረምት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋሁ፣ ባለቤቴም ነጠላ እየሸመነ ለገበያ አወጣ። አንድ የአዲስ አበባ ልብስ ነጋዴ የመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። የቀሚሱን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዟል።

"ዓመቱን ሙሉ ሥራ እሰጣችኋለሁ" አለን። "ፊደሉ ግን ይቅር። የኔ ቤት ምልክት ነው የሚለጠፍበት።"

ባለቤቴ በወላይትኛ "ምን እንበለው?" አለኝ።

"ያሰብከውን በለው።"

"አይሆንም" አለው።

ሰውየው ፈገግ አለ። "ትጸጸታላችሁ።"

"ይሆናል" አልኩት። "ብንጸጸትም በገዛ ስማችን ነው።"

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። መጀመሪያ የመጣችው ከዲምቱ ከተማ አንዲት የጤና ባለሙያ ነበረች፤ ለምረቃዋ አሠራች። እሷ ሌላ ላከች፣ ያቺም ሌላ። ዛሬ ወረፋችን ከግማሽ ዓመት ያልፋል። የሙሽራዋ እናት መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አሁንም ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔ ሰላምታዬን አስቀርቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ሁለት ሸማኔዎች ከሽሮ ሜዳ ተመልሰው ከኛ ጋር መሥራት ጀምረዋል። እነሱም በሠሩት ጨርቅ ላይ የየራሳቸውን ፊደል ይሸምናሉ። አንዳንድ ደንበኛ "አንድ ቀሚስ ላይ ስንት ስም ልትጽፉበት ነው?" እያለች ትነጫነጫለች።

የሠሩት ሰዎች ስንት ከሆኑ ያን ያህል፣ እላታለሁ።