ማኅተም የተመታበት አውራ ዶሮ

ደረሳ ፀጉር አስተካካይ ነው። ኡኬ ከተማ ተወልዶ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፈተ። ሱቁን የሚከፍተው ረፋድ ላይ ነው፤ እንቅልፍ ይወዳል። ልጁ ሎሚም በዚህ እሱን መሰለች። አንድ ጊዜ እንኳ ደግማ ካረፈደች ከትምህርት ቤት እንደምትባረር ተነገራት። ሞባይል ሲቀሰቅሳቸው አባትም ልጅም በእንቅልፍ ልባቸው ያጠፉታል። ደረሳ አውራ ዶሮ ገዛ። አውራ ዶሮ ማጥፊያ የለውም። ሎሚ ማርፈድ አቆመች።

ከዚያ ገና ደረሰ። ሚስቱ ደራርቱ ወንድሞቿን ጋብዛ ዶሮውን በዓይኗ ትመዝነው ጀመር።

«ከገና በኋላ ትምህርት አለ» አላት።

«ከትምህርቱ በፊት እንግዳ አለ» አለችው።

የሰፈሩ እድር የአባላቱን ልጆች የትምህርት ወጪ በከፊል ይተካል። ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ ይያዛል፤ የልደት ኬክ አይያዝም። ጎረቤታሞች አንዱን ቦርሳ እየተዋዋሱ ደጋግመው ገንዘብ በመጠየቅ ስላስቸገሩ፣ ዕቃው ራሱ ስብሰባ ቀርቦ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም ያረፈበት ዕቃ ዓመቱ ሳያልቅ አይሸጥም፣ አይጠፋም። ደረሳ ገንዘቡን አልፈለገም። የፈለገው ማኅተሙን ነው።

እሁድ ዶሮውን ብብቱ ውስጥ ይዞ ገባ።

«ኦቦ ደረሳ፣ ይሄ ስብሰባ ነው፤ ገበያው ወዲያ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ሽብሩ።

«የትምህርት ወጪ ነው።»

«ምን ያስተምራል?»

«ሰዓት።»

«ነገ ደግሞ አልጋውን ተሸክመህ ና!» አለች ጸሐፊዋ ብፅዓት።

«እኔ ጋ አምጣው፣ አስመርቀዋለሁ» አለ ባለ ልኳንዳው ኩማ።

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ሽብሩ! ተኝታ ለቀረች ልጅ ደብተር ምን ያደርግላታል?» አለ ደረሳ።

ዶሮው ጮኸ። ስብሰባው ሲከፈት ጀምሮ ያንቀላፉት ገንዘብ ያዥ፣ ኦቦ መገርሳ፣ ብድግ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ።

አቶ ሽብሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እንደማያውቁ ተናገሩ። ማኅተሙንም ክንፉ ላይ መቱበት። ዶሮው እጃቸውን ነቆራቸው።

ቤት ሲደርስ ደራርቱ ክንፉን ገልጣ አየች። «ላባው ላይ ነው። ነቅዬ ለእድሩ አስረክባለሁ።»

ደረሳ ደንግጦ ሊቀመንበሩ ጋ ደወለ። ስልኩን ለሚስቱ እንዲሰጣት አዘዙት።

«አዴ ደራርቱ፣ እኛ ያጸደቅነው ጩኸቱን ነው። ጩኸቱን ሳያጎድሉ መብላት ከቻሉ፣ ይብሉት።»

ደራርቱ ስልኩን ለባሏ መለሰች። ከዚያ ለገና ወጥ ምስር መልቀም ጀመረች።

የገና ማግስት ዶሮው ጎህ ሳይቀድ እንግዶቹን ሁሉ ቀሰቀሰ። ታላቅ ወንድሟ ቢላዋ ጠየቀ። ሎሚ ደወሉ ሳይደወል ክፍል ገብታ ነበር።