የሞት ምክንያት

ባሌን ሰፈሩ «ባለቀለበቱ» ይለዋል። በየመኸሩ የሚያልፉትን ስደተኛ ወፎች ጓሯችን ውስጥ በስስ መረብ ይይዛል፤ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አድርጎ፣ መዝኖና መዝግቦ ይለቃቸዋል። ወፍ ይዞ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ሰው ላይ ግን እጁ ፈጣን ነው።

የተያዙት ወፎች እንዳይጎዱ መረቦቹ በየሃያ ደቂቃው መታየት አለባቸው። አንድ ጠዋት ወንድሜ ብስክሌቱ አንዱ መረብ ላይ ተጠላለፈበትና በቢላ ቀደደው። ባሌ የመረቡን የብረት ምሰሶ ነቅሎ ክንዱ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ከኩሽና ሰማሁት። ወድቆም አልተወውም፤ አፉ ደም እስኪሞላ ረገጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለው ነው?» ብዬ መሃል ገባሁ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

ጎረቤቶች ወንድሜን ሐኪም ቤት ከወሰዱት በኋላ ነው ባሌን ሁለተኛው መረብ ትዝ ያለው። ከታየ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። አስራ አንድ ወፎች እንደተንጠለጠሉ ጭልፊት ዘነጣጥሏቸዋል። አንዷ ለአምስተኛ ዓመት የተመለሰች ነበረች፤ በቀለበቷ ለያት እንጂ ጭንቅላት አልነበራትም።

መዝገቡን ገልጦ «የሞት ምክንያት» ከሚለው ሥር አስራ አንድ ጊዜ «ጭልፊት» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን ነጠቅኩት። ሁሉንም ሰርዤ «ባለቀለበቱ» ብዬ ጻፍኩ።