የእናቷ የእሳት እራት

ሰው ሳትንቅ የዋለችበት ቀን ቢኖር ታማ ከሥራ የቀረችበት ብቻ ነው። በምርምር ተቋሙ «እሜቴ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ሥራዋ የእሳት እራት ማጥናት ነው፤ ያንን መብራት ለመብራት የሚንከራተተውን፣ ሰው ሁሉ በመጥረጊያ የሚያባርረውን ፍጥረት። ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው የደረቁ የእሳት እራቶች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ በመርፌ ተሰክተው ተደርድረዋል። የናፍታሊኑ ሽታ ሹራቧ ውስጥ ገብቶ ቤቷ ድረስ ይከተላታል።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠውን ሰውዬ ነበር። አብረው የተማሩ ናቸው፤ እሱ ግን ቢራቢሮ መረጠ። እሷ ዘንድ ቢራቢሮ የሚያጠና ሰው ሳይንቲስት ሳይሆን የካላንደር ፎቶ አድናቂ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚበር፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚጣራ፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ይጠናል? የእሳት እራት ግን እንዲህ በዋዛ አይገለጥም። የሁለት ዝርያዎች ክንፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ልዩነታቸው ያለው ሆዳቸው ጫፍ ላይ፣ በወንዱ አባለ ዘር ቅርጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆዱን ቆርጦ፣ አፍልቶ፣ አጽድቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል። በዚህ ሥራ የሚወዳደራት አልነበረም፤ ይህንንም ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ንቀቱን ከየት እንዳመጣችው ለማወቅ የፈለገ እናቷ ቤት ይሂድ። እናቷ በጎረቤት ፊት «ልጄ የብል ሐኪም ናት፤ ሹራብ የተበላበት ካለ ላኩላት» እያሉ ሲያላግጡባት ኖረዋል። የጥርስ ሐኪሙ ወንድሟ ሲመጣ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ።

አንድ ቀን ከድሮ መሳቢያ ያወጣችው አንድ ግራጫ የእሳት እራት፣ ሆዱ ሲመረመር፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። አዲስ ዝርያ! በእናቷ ስም ሰየመችው። ግኝቱን የሚያስተዋውቀውን ጽሑፍ ለሳይንስ መጽሔት ልትልክ ስትል የቢራቢሮው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ፣

«ግን ሆዱ የራሱ ነው?» አላት።

ጥያቄው የቂል ጥያቄ አልነበረም። የደረቀ የእሳት እራት ሆዱ በትንሽ ነገር ይረግፋል፤ የወደቀውን አንስቶ በሙጫ መለጠፍ የሙያው ልማድ ነው። የቸኮለ ሰው ደግሞ የአንዱን ሆድ ለሌላው ይለጥፋል። ናሙናውን ገልበጥ አድርጎ ማየት ይበቃ ነበር።

«አንተ ስለ ሆድ ምን ታውቃለህ? ክንፍህን አድንቅ!» አለችና ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ላከችው።

ጽሑፉ ታተመ። እናቷ የእሳት እራቱን ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከወንድሟ የምረቃ ፎቶ ጎን ሰቀሉት። «በስሜ የሚጠራ ፍጥረት አለ፤ ልጄ ናት ያገኘችው» ማለት ጀመሩ። ብል የሚባል ነገር ከአፋቸው ጠፋ። እሷም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜዋን የገፋችው «ልጄ ናት» የምትለዋን ቃል ለመስማት እንደነበር ለማንም አትናገርም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ናሙና ፍለጋ ባዝና ባዝና ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ያንኑ የመጀመሪያውን እንደገና አወጣችው። ሆዱ ተቆርጦ በተነሣበት ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ አለባት። ሙጫ ነው። ክው አለች። ለብቻው ያስቀመጠችውን ሆድ ከሌሎች ወገኖች ጋር ብታስተያየው፣ በየበረንዳው አምፖል የሚሽከረከረው ተራ የእሳት እራት ሆኖ ቁጭ አለ። ክንፉ የአንዱ፣ ሆዱ የሌላው፤ ሁለቱም ከጥንት የታወቁ! ማን እንደለጠፈው አይታወቅም፤ ማን ሳያየው እንዳለፈ ግን ይታወቃል። የናቁት ያስረግዛል ማለት እንዲህ ነው።

ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም ነበር። ደግነቱ ንቀቷ አጭበርባሪ ሳይንቲስትንም አይምርም። የጽሑፉን ማረሚያ ቁጭ ብላ ጻፈች። በመጨረሻም ምራቋን ዋጥ አድርጋ «አስቀድሞ ላስጠነቀቀኝ ባልደረባዬ» የሚል ምስጋና ጨመረችና ለሰውዬው አሳየችው።

አንብቦ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ አውጪው ይሄን! ሆዱን መች አየሁትና? ላናድድሽ ብዬ እኮ ነው!»

ምስጋናውን እዚያው ፊቱ ላይ ሰረዘችው። እውነቱን ለመናገር ቀለል አላት።

እናቷ ዘንድ ግን የሚቀል ነገር አልነበረም።

«እማዬ፣ ያ የእሳት እራት የለም። ሁለት የተለያዩ ተጣብቀው ነው፤ ተሳስቻለሁ።»

«ስሜስ?»

«የታተመ ስም አይጠፋም። ከትክክለኛው ስም ሥር፣ የማይሠራ ተብሎ ይቀመጣል።»

እናቷ ፎቶውን ቀና ብለው አዩ። «ዕድሜሽን ሙሉ አንድ ነገር አደረግሽልኝ፤ እሱንም አበላሸሽው» አሉ። «የፈለግሽውን ጻፊ፤ ፎቶው ግን አይወርድም። ጎረቤቱ ምን ያውቃል? ብልና ቢራቢሮ የማይለይ ሁላ!»

ድምፁን አወቀችው፤ በየቀኑ ከገዛ አፏ የሚወጣው ነው። በእናቷም በራሷም አፈረች።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ጎረቤታቸው እንግዳ አስከትላ ገባች። «ይኸውልሽ ያልኩሽ ፎቶ!» አለቻት እንግዳዋን። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረች፤ «አንቺ ነሽ አይደል ያገኘሽው ዶክተር? እስቲ ንገሪያት።»

እናቷ ዐይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። በዚያ ዐይን ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ንቀት እንጂ ሌላ አይታ አታውቅም፤ አሁን ግን ይለምናት ነበር። የእሳት እራት ለሚያጠና ሰው ሁሉ «ተሳስቻለሁ» ብላ የጻፈችው ያቺ ሴት፣ ስሟን እንኳ በማታውቃት እንግዳ ፊት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አዎ» አለች፤ «እኔ ነኝ ያገኘሁት።»